ከጭንቅላቴ ወደ ደብተር

የእናቴ ሣልስት ዕለት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የማተሚያ ቤታችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። «እትዬ፣ በዚህ ሰዓት መደወል ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ደንበኛው ቆመው እየጠበቁ ነው። 300 የጥሪ ካርድ በስንት ነው የምንሠራው?» አለችኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ ዋጋውን ነግሬያት ተመለስሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት ጊዜ ደግሜ ወጣሁ፦ አንዴ 250 ግራሙ አርት ወረቀት የት እንደ ተቀመጠ ለማስረዳት፣ አንዴ ቀብድ ከፍያለሁ የሚሉ ሰው በእርግጥ ከፍለው እንደሆነ ለመናገር፣ አንዴ ደግሞ ቀለም አቅራቢው ይዞት የመጣው ሒሳብ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ። በአራተኛው ስመለስ አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሐዘኔ በተቋረጠ ቁጥር አዝነውልኝ እንጂ ሊነቅፉኝ አልነበረም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ አዲስ አበባ ገባ።

ይህ የሆነው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ማተሚያ ቤቴን ከከፈትሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ያገለገለ ባለ ሁለት ቀለም ሃይደልበርግ ማሽን፣ አንድ ወረቀት መቁረጫና ስድስት ሠራተኞች ነበሩን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ነገር እኔን ካልጠየቁ አለመሠራቱን እንደ ጥሩ አመራር ምልክት እቆጥረው ነበር። ማን ስንት እንደሚከፍል፣ የትኛው ደንበኛ ዱቤ እንደሚፈቀድለት፣ የትኛው ወረቀት ለየትኛው ሥራ እንደተያዘ ሁሉ በጭንቅላቴ ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። ነገሩን ሳሰላስለው ግን በጭንቅላቴ ያለው ሁሉ የእኔ እንጂ የድርጅቱ ንብረት አልነበረም። እኔ ከሌለሁ ማተሚያ ቤቱ ማሽንና ወረቀት ያለበት ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት የአመራር ሥራ በሙሉ፣ የተሳካውም ያልተሳካውም፣ ከጭንቅላቴ ወደ ደብተር የማውረድ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ደብተር የወረደው ዋጋ ነው። ለ1,000 የጥሪ ካርድ የምጠይቀውን ገንዘብ እንዴት እንዳወጣሁት ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ገበያው ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጎረቤቴ ያለው ማተሚያ ቤት የሚጠይቀውን ሰምቼ ጥቂት ብር ቀንሼ ነበር። ጎረቤቴም የእኔን ዋጋ እየሰማ ይቀንስ እንደነበር ከብዙ ጊዜ በኋላ ቡና ላይ ተሳስቀን ተነጋግረናል። ሁለታችንም አንዳችን የአንዳችንን ግምት እየተከተልን ለዓመታት ወደ ታች ስንወርድ ኖረናል ማለት ነው።

እስቲ ወረቀቱን እንቁጠር። 70 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነው ትልቁ የአርት ካርድ ሉህ በመቁረጫው አራት ቦታ ሲከፈል ለማሽናችን የሚስማማ 35 በ50 ይወጣዋል። ከእያንዳንዱ ሩብ ሉህ በተለመደው መጠን አራት ካርድ ይገኛል፤ ስለዚህ 1,000 ካርድ 250 ሩብ ሉህ፣ ማለትም 63 ያህል ትልቅ ሉህ ይፈልጋል። ለዓመታት ያስከፈልሁት ይህን 63 ሉህ ነበር። ነገር ግን የቀለሙ መጠን እስኪስተካከልና ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ በልክ እስኪያርፉ ድረስ ማሽኑ የሚያበላሸው ወረቀት አለ፤ ማሽኒስታችን ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ለአንድ ሥራ 50 ሩብ ሉህ ይሄዳል። እንግዲህ ከመደርደሪያው የሚወርደው 63 ሳይሆን 75 ሉህ ነው፤ አሥራ ሁለቱን እኔ እመርቅ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ብር በመጨመር ይታረም ነበር። የከፋው በትንንሾቹ ትእዛዞች ላይ ታየ። 200 ካርድ ለማተም 50 ሩብ ሉህ ይበቃል፤ ብልሽቱ ግን ያው 50 ነው። ፕሌቱም (የሚታተመው ነገር የሚቀረጽበት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የሚወጣለት ስስ ሰሌዳ) ያው አራት ነው፣ ማሽኑን ለማጠብ የሚወስደው ጊዜና የሚፈሰው ማጠቢያም ያው ነው። እኔ ደግሞ የ1,000ውን ዋጋ ለአምስት አካፍዬ፣ ለይስሙላ ጥቂት ጨምሬ እሸጥ ነበር። የዚያን ጥር ደረሰኞች አንድ በአንድ ሳገላብጥ ከ31 የሰርግ ካርድ ትእዛዞች 19ኙ ከ300 ካርድ በታች ሆነው አገኘኋቸው። ወሩን ሙሉ ሌሊት ስንሠራ ያደርነው፣ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ደስ ያለን፣ አብዛኛውን ለኪሳራ ነበር። ሒሳብ አዋቂዎች ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ እያሉ የሚለዩትን ነገር በትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር፤ ገብቶኛል የምለው ግን በዚያ ምሽት ነው።

ከዚያ በኋላ ለፕሌት፣ ለብልሽትና ለማጠቢያ የሚሆን መነሻ ክፍያ ለብቻው፣ የየካርዱ ዋጋ ደግሞ ለብቻው ሆኖ በአንድ ገጽ ላይ ተጻፈና ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ ተለጠፈ። በሠራተኛ ወጪ ላይም ስሕተት ነበረብኝ፤ 10,000 ብር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ድርጅቱን የሚያስወጣው 10,000 ብር አይደለም፤ አሠሪው የሚጨምረው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ስለሆነ 11,100 ብር ነው፤ ይህም ገና የዓመት ፈቃዱን ሳንቆጥር ነው። አዲሱ ዋጋ ሲወጣ ጥቂት ደንበኞች ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ግን ለልጃቸው ሰርግ 150 ካርድ ሊያሳትሙ መጥተው ዋጋው ሲከብዳቸው ገጹን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና፣ «እንግዲያውስ 300 አድርጊው፤ የቀረውን ለእድሩ ሰው እበትነዋለሁ» ብለው ከፈሉ።

ሁለተኛው ነገር ኪስ ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ሕጉ ባለቤቱንና ድርጅቱን እንደ ሁለት ሰው ያያቸዋል። የእኔ ቦርሳ ግን ሁለት ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የበዓል በግ፣ የሱቁ ኪራይና የቀለም ዋጋ ከአንድ መሳቢያ ይወጡ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የጎዳኝ ዕቁቡ ነው ብል የሚቆጡ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ለዕቁብ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ እንዲያውም ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ ዕጣ የደረሰውን ያለ ዋስ ገንዘብ የማያስረክብ፣ የዘገየን የሚቀጣ ዕቁብ ከብዙ የግል ማኅበሮቻችን የተሻለ አስተዳደር አለው። ችግሩ ዕቁብ በየሳምንቱ ሲሰበሰብ የማተሚያ ቤት ገንዘብ ግን በየሳምንቱ አለመግባቱ ነው። ሐምሌ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔ ዕቁቤን ላለማጓደል የወረቀት መግዣውን እጥል ነበር፤ ወረቀት ሲያልቅ ደግሞ ከአስመጪው በዱቤ፣ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ዋጋ አስበልጬ እወስድ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ለራሴ እንደማንኛውም ሠራተኛ በወር የተወሰነ ደመወዝ እከፍላለሁ፤ ዕቁቤንም የምጥለው ከደመወዜ ነው፤ መጠኑም በዚያው ልክ አንሷል።

ትርፍና ገንዘብ አንድ አለመሆናቸውን ያስተማረኝ ደግሞ የዱቤ ሥራ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታዊ መጽሔቱ የ100,000 ብር ሥራ ሰጠን፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት ደረሰኙ 115,000 ብር ሆነ። በወረቀት ላይ ጥሩ ትርፍ ነበረው። ሆኖም ደረሰኙን ከቆረጥሁ ወዲያ ታክሱ ለመንግሥት የሚገለጽበት ጊዜ የእኔን ደንበኛ አይጠብቅም፤ ለወረቀትና ለፕሌት የከፈልሁት ታክስ ተቀንሶ የቀረውን በተከታዩ ወር ከራሴ አውጥቼ ከፈልሁ። መሥሪያ ቤቱ የከፈለኝ በአራተኛው ወር ነው፤ ያኔም በወቅቱ ሕግ መሠረት 2 በመቶ ቅድመ ግብር ይዞ። በእነዚያ አራት ወራት መሐል አትራፊ ነበርሁ፤ ለማሽኒስቱ ደመወዝ ግን ከእኅቴ ተበድሬያለሁ።

ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት አንድ ተራ ሠንጠረዥ ነው። ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ገጹም ከ30 ቀን በታች፣ ከ31 እስከ 60 ቀን፣ ከ60 ቀን በላይ ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዧ ከታችኛው ክፍል ጀምራ ትደውላለች። በሦስተኛው ክፍል ስሙ ያለ ደንበኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የእኔ ዘመድም ቢሆን፣ አዲስ ሥራ በዱቤ አይጀመርለትም። እውነቱን ለመናገር ይህን ደንብ ለማክበር የተቸገርሁት እኔ ነኝ፤ ገንዘብ ያዧ ሁለት ጊዜ ገጹን ገልጣ ፊቴ አስቀምጣብኛለች። ያላሰብሁት ጥቅምም ተገኘበት፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በትሕትና የሚጠየቅ ባለዕዳ፣ በሦስት ወር አንዴ በቁጣ ከሚጠየቀው ቀድሞ ይከፍላል። ለግለሰብ ደንበኛ ደግሞ ግማሽ ቀብድ ሳይከፈል ፕሌት አይወጣም።

ደብተሩ ሁሉን ነገር አልያዘም ነበር። በጥር 2011 ዓ.ም. የአንድ ሰርግ ካርድ «እሑድ ጥር 18» ተብሎ ታተመ። ጥር 18 ቅዳሜ ነበር። ካርዱ ከተበተነ በኋላ የሙሽራዋ እናት መጥተው ሳይጮኹ አንዱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በራሳችን ወጪ በአንድ ሌሊት አተምንላቸው። በማግሥቱ የመጀመሪያው ስሜቴ ዲዛይን የሠራውን ልጅ ማባረር ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የቶዮታ ፋብሪካ ሰዎች ችግር ሲፈጠር አምስት ጊዜ «ለምን» ብለው እንደሚጠይቁ አንብቤ ስለነበር ሞከርሁት። ለምን ተሳሳተ? ልጁ እንደ ተነገረው ጻፈ። ለምን እንደዚያ ተነገረው? ትእዛዙ በስልክ ስለ መጣ። ለምን በስልክ ተቀበልን? እኔ ስልኩን አንሥቼ በቃል ስለ ነገርሁት። ለምን ደንበኛዋ አላረሙትም? የማረሚያ ቅጂ ስላልተሰጣቸው። ለምን አልተሰጣቸውም? ስንቸኩል የምንዘለው እርሱን ስለሆነና ዘልዬ ያስለመድሁትም እኔው ስለሆንሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ የሚባረረው ሰው ማን እንደሆነ ግልጽ ሆነ። አሁን ደንበኛው በማረሚያ ቅጂው ላይ ካልፈረመ ፋይሉ ወደ ፕሌት አይሄድም፤ ዲዛይነሩም ቀኑን ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳክሮ ከቀኑ ጎን ምልክት ያደርጋል።

ስለ ሠራተኞች ብዙ ሰው ብዙ ይላል። እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። በሰርግ ሰሞን ስናመሽ ወሩ ሲያልቅ ለሁሉም ደስ ያለኝን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ እሰጥ ነበር፤ ለጋስ የሆንሁም ይመስለኝ ነበር። ማሽኒስታችን፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠሩኝና፣ «አንቺ በሰጠሽው አልተከፋሁም፤ ግን ስንት እንደሚገባኝ ሳላውቅ ነው የማመሰግንሽ» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን ለስሜት አልተወውም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በዚህ ሳሰላው ለጋሼ የሰጠሁት ከሚገባቸው አንሶ፣ ለወረቀት ቆራጩ የሰጠሁት ደግሞ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱን ከፈልሁ። ከዚያ ወዲህ የሰዓት መዝገቡ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሠራተኛው ራሱ ይጽፋል፣ እኔ እፈርማለሁ። ምስጋናውም ቀረ፤ በቦታው የመጣው ነገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ካይዘን ከሚባለው፣ ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ከሚያሻሽለው የጃፓኖች ዘዴ የወሰድሁት ጥቂት ነው፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተጽፈው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ብቻ የቀሩበትንም እንዲሁ። እኛ ዘንድ የሠራው ሁለተኛው ነው። የማሽኑ መፍቻዎች ሁሉ ቅርጻቸው በተሣለበት ጣውላ ላይ ይሰቀላሉ፤ የጎደለ መፍቻ ባዶ ቅርጹ ከሩቅ ያጋልጠዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የምንሠራበት ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ሩቅ ወሬ አልነበረም። በዚያ ወቅት በመደርደሪያችን በአሮጌው ዋጋ የተገዛ ወረቀት ነበረን፤ በአሮጌው ዋጋ አትሞ መሸጥ ታማኝነት የሚመስላቸው አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ወረቀታቸው ሲያልቅ በተሰበሰበው ገንዘብ ግማሹን እንኳ መልሰው መግዛት አልቻሉም። ወረቀት ዋጋው የተገዛበት ሳይሆን የሚተካበት ነው፤ ይህን የምለው በመጨካከን አይደለም፣ ያልተካ ሰው ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚሸጠው ስለማይኖረው ነው። ሆኖም የተፈረመ ፕሮፎርማ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ፕሮፎርማችን ለ60 ቀን የሚጸና ነበር፤ በእጃችን የነበሩትን ሦስት የተፈረሙ ሥራዎች በተፈረመው ዋጋ ሠርተን አስረከብን፤ ሁለቱ በኪሳራ ነበሩ። ስሕተቱ 60 ቀን ብዬ መጻፌ እንጂ ደንበኞቹ መፈረማቸው አልነበረምና። አሁን ማኅተሙ «ለ10 ቀን ብቻ የሚጸና» ይላል።

በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የማውቃቸው ብዙ ነጋዴዎች ከፒያሳ ተነሥተው በየአቅጣጫው ሄደዋል። ከእነርሱ መካከል የደንበኞቹን ስልክና የሚያሳትሙትን ሥራ በመዝገብ የያዘ አንድ ማኅተም ቀራጭ በሁለት ወር ውስጥ ደንበኞቹን አዲሱ ቦታው ድረስ ጠራቸው። ሌላው፣ በሙያው የሚበልጠው፣ ደንበኞቹ በመልክ ብቻ የሚያውቁት ነበር፤ እስካሁን «የት ሄደ?» ብለው እኛን የሚጠይቁን ሰዎች አሉ፤ የምንመልሰው የለንም።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሱቁን ዘግተን ወረቀት እንቆጥራለን። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ እኔ በደብተሩ ካለው ጋር አስተያያለሁ፤ ቆጣሪው በደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አስቀድሞ አያይም። ባለፈው ቆጠራ 11 ሪም ጎደለ። ዘጠኙ ከመቁረጫው ጀርባ፣ ጋሼ ለሥራ ብለው አውርደው የመውጫ ወረቀት ያልጻፉበት ሆኖ ተገኘ፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ዳብሰው፣ እዚያው ቆመው ጻፉት። ሁለቱ ሪም እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈው ገጹ ላይ አሉ።